የገናው ኩኪስና የፋሲካው ኩኪስ፦ ቅቤ በባሕር ዳር ሙቀት

በባሕር ዳርና በጣና ሐይቅ ዙሪያ ባሉ ከተሞች በየቤታቸው የቅቤ ኩኪስ የሚጋግሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። ለገና የተጋገረው ኩኪስ በቢላ የተቆረጠበትን ጠርዝ እንደያዘ፣ ደረቅና በአፍ ውስጥ የሚፈረፈር ሆኖ ይወጣል። ለፋሲካ በዚያው እጅ፣ በዚያው ልኬትና በዚያው ምድጃ የተጋገረው ግን በትሪው ላይ ይንጣለላል፤ አንዱ ከሌላው ይጣበቃል፤ ጠርዙ ስለሚሳሳ ቶሎ ያርራል፤ መሐሉ ደግሞ ቅቤ እንደቋጠረ ይቀራል። ፋሲካ ከ55 ቀናት ጾም በኋላ የሚመጣ በዓል በመሆኑ በዋዜማው ሳምንት የቅቤ ዋጋ ይንራል። በዚያ ሰሞን ግማሽ ኪሎ ቅቤ ማበላሸት ለብዙ ቤተሰብ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የዚህን ልዩነት መንሥኤ ነው። ጥያቄው ከማድ ቤት የመጣ ይሁን እንጂ መልሱን ለማግኘት የሚያስፈልገን ዕውቀት በአብዛኛው በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስና የኬሚስትሪ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ያለ ነው። ከመሣሪያ በኩልም አንድ የማድ ቤት ሚዛንና አንድ ቴርሞሜትር ይበቃሉ።

በመጀመሪያ ስለ ኩኪሱ ማንነት ጥቂት እንበል። እዚህ የምንናገርለት በተለይ በስኮትላንድ የታወቀውን፣ ሾርትብሬድ የሚባለውን ዓይነት ነው። በስሙ ውስጥ ያለው «ሾርት» የሚለው ቃል በጋጋሪዎች ቋንቋ አጭር ማለት ሳይሆን ተፈርፋሪ ማለት ነው። ልኬቱ በክብደት አንድ እጅ ስኳር፣ ሁለት እጅ ቅቤ፣ ሦስት እጅ ዱቄት ነው። እርሾ የለውም፤ እንቁላል የለውም፤ ቤኪንግ ፓውደር የለውም፤ ውኃም አይጨመርበትም። በዓረብ አገሮች ጉረይባ የሚባለው በንጥር ቅቤ የሚሠራ ኩኪስ የቅርብ ዘመዱ ነው። ለፊዚክስ ሰው እንዲህ ያለው ምግብ ደስ ያሰኛል፤ ተለዋዋጮቹ ጥቂት ስለሆኑ ውጤቱ ሲለወጥ የለወጠውን ነገር ለይቶ ማወቅ ይቻላል። (በነገራችን ላይ የዒድ በዓላት በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደሙ በ33 ዓመታት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ስለሚያዳርሱ፣ ለዒድ የሚጋግሩ እናቶች የገናውንም የፋሲካውንም ዓይነት ውጤት በየተራው የማየት ዕድል አላቸው።)

ያለ ጥፋቱ የተከሰሰው ከፍታ

«ኩኪሱን ምን አበላሸው?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚከሰሰው የከተማችን ከፍታ ነው። አብዛኞቹ የውጭ አገር የምግብ አሠራር መጻሕፍት ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይሉ ከተሞች ለሚኖሩ ሰዎች የተጻፉ በመሆናቸው ክሱ ጨርሶ መሠረት የለውም አይባልም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ውኃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት ጋር ሲስተካከል ስለሆነ፣ በእኛ ከተማ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። በአዲስ አበባ ይህ ቁጥር ወደ 92፣ በደብረ ታቦር ደግሞ ወደ 91 ይወርዳል።

ይህ ልዩነት ኬክ ለሚጋግር ሰው ትልቅ ጉዳይ ነው። ግፊቱ ከአምስት እጅ አራቱ ብቻ ሲሆን፣ መጠነ ሙቀቱ አንድ ከሆነ ያው የጋዝ መጠን ሩብ ያህል ተጨማሪ ቦታ ይይዛል። በቤኪንግ ፓውደር የተነፋ ኬክ ገና ሳይጸና ከልክ በላይ ይነፋና መሐሉ ይሰረጉዳል። የእኛ ኩኪስ ግን የሚነፋው ነገር የለውም።

ክሱን ፈጽሞ ውድቅ የሚያደርገው ግን ከዚህም የቀለለ የአመክንዮ ነጥብ ነው። ባሕር ዳር በታኅሣሥም በሚያዝያም ያለችው በ1800 ሜትር ላይ ነው። የአየር ግፊት ከወቅት ወቅት ጥቂት ቢለዋወጥም ለዚህ ጉዳይ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ውጤቱ ሲለወጥ ሳይለወጥ የቆየ ነገር የለውጡ መንሥኤ ሊሆን አይችልም። ተማሪዎች በቤተ ሙከራ ዘገባዎቻቸው ውስጥ ይህን ነጥብ ሲዘነጉት ብዙ ጊዜ እናያለን፤ ትልቅ የሚመስል ምክንያት ሲገኝ ጥያቄው የተመለሰ ይመስላቸዋል። ከፍታ ትልቅ ምክንያት ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ግን መልስ አይደለም።

በሁለቱ በዓላት መካከል በርግጥ የሚለወጠው ምንድን ነው? አንደኛው በግልጽ የሚታየው የአየሩ ሙቀት ነው። ገና በታኅሣሥ መጨረሻ ይውላል፤ በዚያ ሰሞን በባሕር ዳር ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል፤ ማለዳ ማድ ቤቱ ቀዝቃዛ ነው። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል፤ ይህ ከዓመቱ ሁሉ የሞቀው ወቅት ነው። የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ የዶሮ ወጥ ድስት የተጣደበት ማድ ቤት ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ሁለተኛው የሚለወጠው ነገር ቅቤው ራሱ ነው። ስለዚህ ወደ ቅቤ እንለፍ።

ነጥበ ቅልጠት የሌለው ጠጣር

በረዶ በዜሮ ዲግሪ ይቀልጣል፤ ከዚያ በታች ሁሉም በረዶ ነው፣ ከዚያ በላይ ሁሉም ውኃ ነው። ቅቤ ግን እንዲህ ያለ አንድ ነጥበ ቅልጠት የለውም። የወተት ስብ እጅግ ብዙ ዓይነት ሞለኪዩሎች የተደባለቁበት ነው፤ አንዳንዶቹ በማቀዝቀዣ ውስጥ እንኳ ፈሳሽ ሆነው ይቆያሉ፣ ሌሎቹ 35 ዲግሪ እስኪደርሱ ይጸናሉ። በዚህ የተነሣ ቅቤ በአንድ ጊዜ ጠጣርም ፈሳሽም ነው። በ10 ዲግሪ ከስቡ ወደ ግማሽ የሚጠጋው በጥቃቅን ክሪስታሎች መልክ የረጋ ነው። በ20 ዲግሪ የረጋው ክፍል ወደ አምስት እጅ አንዱ ይወርዳል። በ30 ዲግሪ ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ይቀራል፤ ከ35 ዲግሪ በላይ ሁሉም ዘይት ይሆናል።

እነዚህ ክሪስታሎች እርስ በርስ ተያይዘው ፈሳሹን ስብ እንደ ስፖንጅ ይዘውት ይቆያሉ። በ18 እና በ20 ዲግሪ መካከል ያለ ቅቤ ሸክላ ሠሪ እንደምታሸው ጭቃ ነው፤ ሲጫኑት ይታዘዛል፣ ሲተዉት ቅርጹን ይጠብቃል። የኩኪስ ሊጥ የሚፈልገው ይህንን ነው። ቅቤው የዱቄቱን ቅንጣቶች እየለበጠ በመካከላቸው በስስ ንጣፍ መልክ ይገባል፤ ሊጡም በቢላ ይቆረጣል። ቅቤው 30 ዲግሪ ላይ ሲሆን ግን ስፖንጁ ፈርሷል። ዱቄቱ በዘይት የራሰ ይሆናል፤ ሊጡ በትሪው ላይ ሲቀመጥ እንኳ መንሸራተት ይጀምራል። ገና ምድጃ ሳይገባ ግማሽ መንገድ ተጉዟል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ የሚያነሣው ተቃውሞ አለ፤ ልዩነቱ ከማድ ቤቱ ሙቀት ሳይሆን ከከብቶቹ መኖ የመጣ ቢሆንስ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ለምለም ሣር የምትበላ ላም የወተቷ ስብ ለስለስ ያለ፣ ቀለሙም ወደ ቢጫ የሚያደላ ይሆናል፤ ደረቅ ጭድና ድርቆሽ የምትበላዋ ቅቤ ደግሞ ጠንከርና ነጣ ይላል። በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለው የፎገራ ሜዳ፣ በስሙ የሚጠራው የከብት ዝርያ መገኛ፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሣሩ ለምለም ነው፤ በሚያዝያ ግን አብዛኛው መኖ ደረቅ ነው። እንግዲህ የመኖው ውጤት ብቻውን ቢሠራ ኖሮ የፋሲካው ቅቤ ከገናው ይልቅ ጠንካራ፣ ኩኪሱም ቅርጹን የሚጠብቅ በሆነ ነበር። የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው። መኖው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲጎትት የክፍሉ ሙቀት ወደ ሌላው ይጎትታል፤ ያሸነፈውም ሙቀቱ ነው። ጥርጣሬ ያለው ተማሪ አንዱን ቅቤ ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን በ18 ግማሹን በ30 ዲግሪ አቡክቶ በአንድ ትሪ ላይ ቢጋግር ጉዳዩን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይዘጋዋል።

ስለ ቅቤ ንጽሕናም ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። በበዓል ሰሞን በገበያ ላይ የሚቀርብ ቅቤ አንዳንድ ጊዜ የአትክልት ስብ ወይም የተፈጨ ሙዝ እንደሚቀላቀልበት በየጊዜው ይሰማል። ሙዙን መለየት ቀላል ነው፤ ጥቂት ቅቤ በብርጭቆ ውስጥ ሲቀልጥ ከሥሩ ብዙ ዝቃጭ ይጥላል። የአትክልት ስብ ግን ይበልጥ አስቸጋሪ ነው፤ እንዲያውም ኩኪሱን በቅርጽ ረገድ ሊያሳምረው ይችላል። የሚጋለጠው በምላስ ላይ ነው። የወተት ስብ ከሰውነታችን ሙቀት በታች ስለሚቀልጥ በአፍ ውስጥ ይጠፋል፤ ከ37 ዲግሪ በላይ የሚቀልጥ ክፍል ያለው የአትክልት ስብ ግን በላንቃ ላይ እንደ ሻማ ተለጥፎ ይቀራል።

ውኃው የት ነው ያለው?

በፋብሪካ የሚሠራ ቅቤ 80 በመቶ ያህል ስብ፣ 16 በመቶ ያህል ውኃ፣ ቀሪው የወተት ፕሮቲንና ስኳር ነው። እርጎ በቅል ተንጦ የሚወጣው የአገራችን ቅቤ ደግሞ እንደ አናናጡና እንደ አስተጣጠቡ የውኃው መጠን ከቤት ቤት ይለያያል። ይህን መጠን በቤት ውስጥ መለካት ይቻላል፤ ሙከራውም ለፊዚክስ ክፍል የሚመች ነው። 100 ግራም ለጋ ቅቤ በትንሽ ድስት በዝግተኛ እሳት ላይ ይጣድ፤ ቴርሞሜትር ይግባበት፤ በየግማሽ ደቂቃው ይነበብ። ቅቤው ከቀለጠ በኋላ መጠነ ሙቀቱ ይወጣና በ94 ዲግሪ አካባቢ መንደርደሩን ይገታል፤ ቅቤው መንጣጣት ይጀምራል። እሳቱ ሳይቀነስ ሙቀቱ የማይጨምረው የሚገባው ሙቀት ሁሉ ውኃውን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ስለሚውል ነው። መንጣጣቱ ሲያቆም መርፌው እንደገና ሽቅብ ይወጣል። በዚያች ቅጽበት ድስቱን አውርደን ብንመዝን የጎደለው ክብደት የውኃው ክብደት ነው። ቅቤ የሚያነጥሩ እናቶች በጆሯቸው የሚያውቁት የድምፅ መጥፋት ይኸው ነው።

ውኃው ይህን ያህል ትኩረት የሚሰጠው በዱቄቱ ምክንያት ነው። የስንዴ ዱቄት ውኃ አግኝቶ ሲታሽ ፕሮቲኖቹ ተያይዘው ግሉተን የሚባለውን የሚለጠጥ መረብ ይሠራሉ። ይህን ነገር መጀመሪያ ለይቶ ያወጣው ጣሊያናዊው ያቆቦ ቤካሪ ሲሆን ሥራው በ1745 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሙከራውን ማንም ሰው ሊደግመው ይችላል፤ አንድ ጭብጥ የስንዴ ሊጥ በቀጭኑ በሚወርድ ውኃ ሥር ቢታሽ ነጩ ስታርች ታጥቦ ይሄድና እንደ ማስቲካ የሚሳብ ነገር በእጅ ላይ ይቀራል። ለድፎ ዳቦ ይህ መረብ ሕይወቱ ነው። ለእኛ ኩኪስ ግን ጠላቱ ነው።

የሁለቱን ልዩነት ዳቦ ቆሎ በደንብ ያሳየናል። በዳቦ ቆሎም ውስጥ ዱቄትና ቅቤ ወይም ዘይት አለ፤ ነገር ግን ሊጡ በውኃ ተቦክቶ በደንብ ይታሻል፣ ከዚያም ምጣድ ላይ ይደርቃል። የደረቀው የግሉተን መረብ ለዳቦ ቆሎ ያንን በጥርስ መካከል የሚሰበር ጥንካሬ ይሰጠዋል። በሾርትብሬድ ግን ውኃው በቅቤው ውስጥ በጥቃቅን ጠብታዎች ተበትኖ፣ በስብ ተከብቦ የታሰረ ነው። ስቡ የዱቄቱን ቅንጣቶች አስቀድሞ ስለለበጣቸው ውኃውና ዱቄቱ በቀላሉ አይገናኙም። ቅቤው ከቀለጠ ይህ እስራት ይፈታል፤ ጠብታዎቹ ይገናኛሉ፤ ውኃው ከስቡ ተለይቶ ዱቄቱን ያገኛል። አንዴ የቀለጠ ቅቤ መልሶ ቢቀዘቅዝም የቀድሞው ቅቤ አይሆንም፤ ጠብታዎቹ ወደ ቦታቸው አይመለሱም፣ ክሪስታሎቹም ሻካራ ሆነው ይረጋሉ። ስለዚህ «ቀለጠ እንጂ ምን ሆነ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ላስገባው» የሚለው መፍትሔ የሚመስለውን ያህል መፍትሔ አይደለም።

ከዚህ አንድ ለአገራችን የሚጠቅም ነገር ይወጣል። ጤፍ ግሉተን የለውም። ከጤፍ ብቻ በእርሾ የተነፋ ዳቦ ለመጋገር የሚሞክር ሰው የሚቸገረው በዚህ ምክንያት ነው። ግሉተን በማይፈለግበት ኩኪስ ግን ጉድለቱ ጥቅም ይሆናል። ከፉርኖ ዱቄቱ ሩቡን ያህል በአደት ነጭ ጤፍ ዱቄት ብንተካው ኩኪሱ ይበልጥ ተፈርፋሪ ይሆናል፤ የጤፉ ጣዕምም ከቅቤው ጋር ይስማማል። ሁሉንም ከተካን ግን የሚያያይዘው ነገር ስለሚያንስ ከትሪው ሲነሣ ይበተናል። በውጭ አገር የሩዝ ዱቄት ለዚሁ ዓላማ ሲጨምሩ አይተናል፤ ጤፍ ያላት አገር ሩዝ መፈለጓ አይታየንም።

ንጥር ቅቤስ? ውኃው ስለወጣ ግሉተን የሚሠራበት ዕድል ይበልጥ ያንሳል፤ ጉረይባን እንደ አሸዋ ተፈርፋሪ የሚያደርገውም ይህ ነው። ነገር ግን 200 ግራም ለጋ ቅቤ ውስጥ ያለው ስብ 160 ግራም ያህል በመሆኑ መጠኑን በዚያው ልክ መቀነስ ያስፈልጋል። በኮሰረትና በነጭ ሽንኩርት የተነጠረ ቅቤ ለወጥ እንጂ ለኩኪስ አይሆንም፤ በኮረሪማ ብቻ የተነጠረው ግን ይመከራል።

በምድጃው ውስጥ ያለው እሽቅድምድም

ሊጡ ምድጃ ከገባ በኋላ ሁለት ነገሮች ይሽቀዳደማሉ። ቅቤው ገና 35 ዲግሪ ላይ ይቀልጥና ሊጡን ወደ ታች ይለቀዋል። ውኃው ደግሞ እየተነነ ሲወጣ ሊጡ ይደርቃል፣ ይጸናል። መጽናቱ ቶሎ ከደረሰ ቅርጹ ይተርፋል፤ ከዘገየ ኩኪሱ ይንጣለላል። ከቀዝቃዛ ማድ ቤት በ15 ዲግሪ የገባ ሊጥ ቅቤው እስኪቀልጥ ጊዜ ያገኛል፤ በዚህ መካከል ጠርዙ መድረቅ ይጀምራል። በ30 ዲግሪ የገባው ይህ ዕድል የለውም።

ጥቂት ስሌት እንሥራ። 300 ግራም ዱቄት፣ 200 ግራም ቅቤና 100 ግራም ስኳር 600 ግራም ሊጥ ይሰጣሉ። በቅቤው ውስጥ 32 ግራም ያህል፣ በዱቄቱ ውስጥ ደግሞ ደረቅ ቢመስልም ወደ 40 ግራም የሚጠጋ ውኃ አለ። አንድ ግራም ውኃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ 2.3 ኪሎ ጁል ያህል ይፈልጋል። ከ72 ግራሙ 60 ያህሉ ቢወጣ 140 ኪሎ ጁል ገደማ ይሆናል፤ ይህም ሊጡን ከክፍሉ ሙቀት እስከ 94 ዲግሪ ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ይበልጣል። ኩኪስ መጋገር ከማብሰል ይልቅ ማድረቅ ነው የምንለው ለዚህ ነው። መብሰሉንም በሚዛን ማወቅ ይቻላል፤ 600 ግራም የገባው 540 አካባቢ ሆኖ ከወጣ በቂ ነው። ላዩ ወርቃማ መሆን የሚጀምረው ከደረቀ በኋላ ነው። እርጥበት እስካለ ድረስ የኩኪሱ ገጽ ከውኃ ነጥበ ፍሌት ብዙም አያልፍም፤ ቀለሙንና ሽታውን የሚሰጠው፣ በፈረንሳዊው ሉዊ ካሚል ማያር ስም የሚጠራውና በ1912 እ.ኤ.አ. የተገለጸው የስኳርና የፕሮቲን ግብረ መልስ ግን በፍጥነት የሚካሄደው ከ140 ዲግሪ በላይ ነው።

በኤሌክትሪክ ምድጃ ለሚጋግሩ ሰዎች በበዓል ዋዜማ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። ሐይቃችን በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ማመንጫ ይመግባል፤ ሆኖም የአንድ ሰፈር ትራንስፎርመር ሁሉም ቤት ምጣድና ምድጃ በአንድ ሰዓት ሲለኩስ ቮልቴጁ ይወርዳል። የምድጃ ሽቦ የሚሰጠው ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ጉዳቱ ከሚጠበቀው በላይ ነው፤ ከ220 ወደ 190 ቮልት መውረድ በቮልቴጅ 14 በመቶ ቢሆንም በኃይል ሩብ ያህል መቀነስ ነው። ምድጃው በዝግታ ሲሞቅ በእሽቅድምድሙ የሚያሸንፈው ቅልጠቱ ይሆናል። ይህ በገናም በፋሲካም ዋዜማ የሚደርስ ስለሆነ የተነሣንበትን ልዩነት አያስረዳም፤ ነገር ግን ሊጡ አስቀድሞ በሞቀበት በፋሲካ ጉዳቱን ያብሰዋል።

የምድጃው ቁጥር እምነት የማይጣልበት ከሆነ ስኳር ራሱ ቴርሞሜትር ሊሆነን ይችላል። ንጹሕ ስኳር በ186 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ጥቂት ስኳር በአልሙኒየም ወረቀት ላይ አድርገን ሩብ ሰዓት ምድጃ ውስጥ ብናስቀምጠውና ቢቀልጥ ምድጃው ለኩኪሳችን እጅግ ሞቋል ማለት ነው። የምንፈልገው ከ150 እስከ 160 ዲግሪ ስለሆነ ስኳሩ ነጭ ሆኖ መቆየት አለበት።

ምድጃ የሌለው ቤትም ከዚህ አይገለልም። በወፍራም ድስት ውስጥ ሦስት ጣት ያህል የታጠበና የደረቀ አሸዋ አድርጎ ከሰል ላይ ግማሽ ሰዓት ማጋል፣ ትሪውን በአሸዋው ላይ ባረፉ ሦስት ጠጠሮች ላይ ማስቀመጥ፣ በብረት ክዳን ከድኖ ከላዩ ጥቂት ፍም መጨመር ነው። ድፎ ዳቦ ከላይና ከታች በእሳት ሲጋገር የኖረበት ዘዴ ነው። አሸዋው ሙቀቱን ስለሚያከማችና በዝግታ ስለሚሰጥ የፍሙ መለዋወጥ ኩኪሱ ላይ በቶሎ አይደርስም፤ ጠጠሮቹ ደግሞ ትሪው አሸዋውን እንዳይነካና ሥሩ እንዳያርር ያደርጋሉ። ከሰል ሽታ የሌለው መርዘኛ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚያወጣ ሥራው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሳይሆን በደጅ ወይም በረንዳ ላይ ይሁን።

ለፋሲካ የሚሆን አሠራር

እስካሁን ከተባለው የሚወጣው የመጀመሪያው ምክር ገንዘብ አያስወጣም፤ በንጋት ማቡካት ነው። በሚያዝያም ቢሆን የባሕር ዳር ንጋት ወደ 15 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ቅቤው ሌሊቱን አየር በሚያገኝ ቦታ ካደረ ጠዋት በ12 ሰዓት ላይ በሚፈለገው ሁኔታ ይገኛል።

በቀን ለማቡካት ለተገደደና ማቀዝቀዣ ለሌለው ሰው ደግሞ ትነት ይረዳዋል። ቅቤውን በክዳን ባለው የብረት ሳህን ውስጥ አድርጎ፣ ሳህኑን በራሰ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ የጨርቁን ጫፍ ውኃ ባለበት የሸክላ ገበቴ ውስጥ ነክሮ ጥላና ነፋስ ባለበት ማስቀመጥ ነው። ውኃው ሲተን ሙቀቱን ከሳህኑ ይወስዳል። አየሩ 29 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 35 በመቶ ቢሆን የራሰው ጨርቅ ወደ 19 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል፤ ይህም ለሊጣችን የምንፈልገው ቁጥር ነው። እንስራ ውኃ የሚያቀዘቅዘው በዚሁ ሕግ ነው። ዘዴው በሐምሌ አይሠራም፤ አየሩ በእርጥበት የተሞላ ስለሆነ ትነቱ ደካማ ነው። ለፋሲካ ግን ወቅቱ ራሱ ያግዘናል።

ስኳሩ በሙቀጫ ይወቀጥ። በሊጡ ውስጥ ውኃው ጥቂት በመሆኑ ሻካራ የስኳር ቅንጣት ሳይሟሟ ይቀራል፤ የቅንጣቱ ጎን በአሥር እጅ ሲያንስ የአንድ ግራም ስኳር ጠቅላላ ገጽ በአሥር እጅ ይጨምራል። ስኳሩንና ቅቤውን ከቆንጥር ጨው ጋር በእንጨት ማንኪያ ማዋሐድ፣ ዱቄቱን ጨምሮ በቢላ ወይም በሹካ መቀላቀል፣ ፍርፋሪው ሲያያዝ ወዲያው ማቆም። በመዳፍ ማሸት አይመከርም፤ የመዳፍ ቆዳ ወደ 33 ዲግሪ ስለሚጠጋ እጃችን ለቅቤ ትንሽ ምድጃ ነው። ሊጡ በአንድ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቀዝቃዛ ውኃ በተሞላ ጠርሙስ ተዳምጦ ይቆረጥ፤ እንፋሎቱ የሚወጣበት ቀዳዳ እንዲኖረው በሹካ ይወጋ፤ ትሪው ላይ እንዳለ ለግማሽ ሰዓት በቀዝቃዛው ቦታ ይረፍ። ምድጃው አስቀድሞ መሞቅ አለበት። ከ25 እስከ 35 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ጠርዙ ፈዘዝ ያለ ወርቃማ ሲሆን ይውጣ።

ከምድጃ የወጣ ኩኪስ በጣት ሲነካ ለስላሳ ነው፤ ይህ አለመብሰል አይደለም። ስቡ ፈሳሽ ስለሆነ ነው። ሲቀዘቅዝ ይጸናል፤ እስከዚያ ከትሪው መነሣት የለበትም። ከቀዘቀዘ በኋላ ደግሞ ወዲያውኑ ክዳኑ በሚጠብቅ ቆርቆሮ ውስጥ ይግባ። የደረቀ ስታርችና ስኳር ከአየር እርጥበት ይስባሉ፤ በሚያዝያ በሳህን ላይ ያደረ ኩኪስ ብዙም አይጎዳም፣ በሐምሌ ግን በአንድ ሌሊት ይልማል። የላመውን በ100 ዲግሪ አሥር ደቂቃ ያህል ቢያሞቁት ይመለሳል።